ስክሪን ላይ ያማረ፣ ወረቀት ላይ የጠቆረ፦ ለፎቶ ሥራ በተገዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚታዩ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ጥርና ሚያዝያ የሠርግ ወራት ናቸው፤ ከእነርሱ ቀጥሎ ባሉት ሳምንታት የጥገና ጠረጴዛዬ በፎቶ አንሺዎች ላፕቶፕ ይሞላል። ከሚመጡት ማሽኖች አብዛኞቹ ሲፈተሹ የተበላሸ ዕቃ አይገኝባቸውም፤ ጉድለታቸው ከሱቅ በወጡበት ቀን አብሯቸው የወጣ ነው። ገንዘቡ ፕሮሰሰሩን በሚያስተዋውቀው ስቲከር ላይ ወጥቶ ከስክሪኑ፣ ከራሙ (እየተሠራበት ያለውን ፋይል ለጊዜው ከሚይዘው ማኅደረ ትውስታ) እና ከዲስኩ ላይ ተቆጥቧል። ስለዚህ እያንዳንዱን ችግር ከምልክቱ ተነሥቼ እስከ መንስኤው ስከተል፣ መፍትሄውን ማሽኑን አስቀድሞ ለገዛ ሰው ብቻ ሳይሆን ገንዘቡን ገና በኪሱ ለያዘ ሰውም እጽፋለሁ። አጥፍቶ ማብራት፣ ቫይረስ መፈተሽና ፕሮግራሙን ማደስ አስቀድሞ ተሞክሯል ብዬ ልነሣ።

ምልክት፦ ፎቶው ሲታተም ይጠቁራል፣ ይቢጫል ወይም ይቀላል

ይህ ችግር ከሌሎቹ ሁሉ አብልጦ ስለሚመጣብኝ ሰፋ አድርጌ አየዋለሁ። ባለሙያው ሦስት መቶ ፎቶ አስተካክሎ ለኅትመት ይልካል፤ አልበሙ ሲመለስ የሙሽራው ፊት ጠቁሯል፣ ነጩ የሀበሻ ቀሚስ ቅቤ የነካው መስሏል፣ የእናቲቱ ጉንጭ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። ጥርጣሬው ወዲያውኑ በማተሚያ ቤቱ ላይ ያርፋል፤ እኔ ዘንድ ከመጡት ጉዳዮች ግን ጥፋቱ የማተሚያ ቤቱ ሆኖ የተገኘው ጥቂት ጊዜ ነው።

መጀመሪያ የሚጣራው የስክሪኑ ብርሃን ነው። አንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ ከማተሚያ ቤት ጋር ተጣልቶ፣ የተመለሰውን አልበም በላፕቶፑ ላይ ደርቦ ይዞልኝ መጣ። ሥራውን የሚሠራው ሌሊት፣ የክፍሉን መብራት አጥፍቶ፣ የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ነበር። በጨለማ ክፍል ውስጥ ሙሉ ብርሃን ያለው ስክሪን ፎቶውን ሁሉ አፍክቶ ስለሚያሳይ፣ ሰውየው ሳይታወቀው እያንዳንዱን ፎቶ አጥቁሮት ኖሯል። ብርሃኑን ዝቅ አድርገን አልበሙን ከጎኑ ስንዘረጋው ስክሪኑም ወረቀቱም እኩል ጨለሙ። ሰውየው ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና ስልኩን አንሥቶ ማተሚያ ቤቱን ይቅርታ ጠየቀ።

ለኅትመት የሚሠራበት ስክሪን በካሬ ሜትር ከ80 እስከ 120 ካንዴላ የሚደርስ ብርሃን ይበቃዋል፤ ተራ ላፕቶፕ ግን ሙሉ ሲከፈት 250 አካባቢ ይደርሳል። መለኪያ የሌለው ሰው ነጭ የኤ4 ወረቀት በክፍሉ መብራት ሥር ከስክሪኑ አጠገብ ያቁም፤ በስክሪኑም ላይ ባዶ ነጭ ገጽ ከፍቶ ሁለቱ ተቀራራቢ ነጭ እስኪመስሉ ድረስ ብርሃኑን ይቀንስ። ከዚያ በኋላ ያንን መጠን አይነካካ፤ መብራቱንም አያጥፋ።

ብርሃኑ ተስተካክሎ ቀለሙ አሁንም ከተዛባ፣ መንስኤው ብዙውን ጊዜ የስክሪኑ ዓይነት ነው። ርካሽ ላፕቶፖች ላይ የሚገጠመው ስክሪን በመግለጫው ላይ «45 በመቶ ኤንቲኤስሲ» ተብሎ ይጻፋል። ኤንቲኤስሲ በ1953 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ የቀለም ቴሌቪዥን የወጣ መለኪያ ሲሆን፣ ዛሬ ፎቶ የሚታይበትና ብዙ ማተሚያ ቤቶች የሚቀበሉት ኤስአርጂቢ የተባለው የቀለም ክልል ነው። 45 በመቶ የተባለው ስክሪን ከኤስአርጂቢ ቀለማት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ብቻ ያሳያል፤ 72 በመቶ የተባለው ግን ከሞላ ጎደል ሙሉውን ይሸፍናል። በጠባቡ ስክሪን ላይ የጥለቱ ቀይ የደበዘዘ ጡብ ስለሚመስል ባለሙያው ድምቀቱን ይጨምራል፣ ይጨምራል፤ ወረቀቱ ላይ ያ ቀይ ይጮኻል። እንዲህ ያለው ስክሪን ነጩን ወደ ሰማያዊ የማድላት ልማድም ስላለው፣ ባለሙያው ሰማያዊውን ለማጥፋት ፎቶውን ያሞቀዋል። ቅቤ የነካው ቀሚስ የሚመጣው ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ ሻጮች የሚሉትን በጥንቃቄ መስማት ያስፈልጋል። ስለ ስክሪኑ ዓይነት «አይፒኤስ ነው» ሲሉ ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው። አይፒኤስ መሆኑ ግን ከጎንና ከላይ ሲያዩት ቀለሙ እንደማይገለበጥ እንጂ ቀለሙ ሙሉ መሆኑን አይናገርም፤ 45 በመቶ የሆነ አይፒኤስ ገበያው ውስጥ ሞልቷል። ከዚህ የባሰው ደግሞ አንድ ዓይነት የሞዴል ስም ያለው ላፕቶፕ ከሁለትና ከሦስት ዓይነት ስክሪን ጋር መሸጡ ነው። አንድ ደንበኛዬ ስለ ሞዴሉ የተነገረውን ምስጋና ሁሉ አንብቦ፣ ከአሜሪካ የሚመጣ ወንድሙን ያንኑ ስም እንዲገዛለት አደረገ፤ ሻንጣው ውስጥ የመጣው ግን የዚያው ሞዴል ርካሹ፣ ባለ 45 በመቶው ነበር። ስለዚህ ከውጭ የሚያስመጣ ሰው የሞዴሉን ስም ብቻ ሳይሆን ሙሉውን የምርት ቁጥር ይላክ፤ በመግለጫውም ላይ «100 በመቶ ኤስአርጂቢ» ወይም «72 በመቶ ኤንቲኤስሲ» የሚል ካልተጻፈ፣ አነስተኛው ነው ብሎ ይያዘው። አምራች የሚኮራበትን ነገር ሳይጽፍ አያልፍም።

ሱቅ ሲሄዱ ቀድሞ ያሳተሟቸውን አራት አምስት ፎቶዎች በፍላሽ፣ የታተመውንም ወረቀት በእጅዎ ይዘው ይሂዱ። ፎቶውን ይክፈቱና ከወረቀቱ ጋር ያስተያዩት፤ ከዚያ ክዳኑን ወደ ኋላና ወደ ፊት ያዘንብሉት። ፊቱ ሲያዘነብሉት የሚጠቁርና የሚገለበጥ ከሆነ ቲኤን የተባለው ዓይነት ነው፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ለፎቶ አይግዙት። ሻጩ ፎቶ መክፈት ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ይሂዱ። ሱቆች ሁልጊዜ ከፍተው የሚያስቀምጡትን በቀለም ያበደ የበቀቀን ፎቶ አይተው አይወስኑ፤ ያ ፎቶ በየትኛውም ስክሪን ላይ ያምራል።

መጥፎውን ስክሪን አስቀድሞ የገዛ ሰው ላፕቶፑን ለመሸጥ አይቸኩል። ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ባለ 24 ኢንች አይፒኤስ ሞኒተር ገዝቶ ላፕቶፑን እንደ ዴስክቶፕ ይጠቀምበት። ለምሳሌ ዴል ዩ2412ኤም የተባለው ሞኒተር አሮጌ ቢሆንም 1920 በ1200 ነጥብ ያለውና ለኤስአርጂቢ ሥራ የሚበቃ ነው፤ ኤችዲኤምአይ መሰኪያ ስለሌለው ግን ከኤችዲኤምአይ ወደ ዲቪአይ የሚቀይር ገመድ አብሮ መገዛት አለበት። የላፕቶፑን ስክሪን ራሱን በተሻለ መቀየርም ይቻላል፤ ሆኖም የገመዱ መሰኪያ ባለ 30 ወይም ባለ 40 እግር መሆኑ፣ ማሰሪያውም መግጠሙ ሳይረጋገጥ የሚገዛ ስክሪን ብዙ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። የእኔ መሳቢያ ምስክር ነው።

የቀለም መለኪያ መሣሪያ ለአንድ ሰው ይወደዳል፤ ሦስት አራት ፎቶ ቤቶች ግን እንደ ዕቁብ አዋጥተው ቢገዙት በወር አንድ ጊዜ ለሁሉም ይደርሳል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፦ መለኪያው ስክሪኑ ያለውን ቀለም ያርማል እንጂ የሌለውን አይወልድም። 45 በመቶ የሆነ ስክሪን ተለክቶም 45 በመቶ ነው።

ላፕቶፕ ከመፍታትዎ በፊት ማታ ማታ ስክሪኑን የሚያሞቀውን «ናይት ላይት»፣ ከአምራቹ ጋር የሚመጣውን የዓይን መጠበቂያ ፕሮግራምና በባትሪ ጊዜ ብርሃንን በራሱ የሚቀያይረውን የግራፊክስ ቅንብር ያጥፉ። ይህን የምጽፈው አንድ ቀን ሙሉ ስክሪን ስፈታና ገመድ ስቀይር ውዬ፣ አመሻሹ ላይ ናይት ላይት በርቶ ስላገኘሁት ነው። ደንበኛውን ዋጋ አልጠየቅሁትም።

ፎቶው ከመጥቆር ይልቅ የፈዘዘና ሕይወት ያጣ ከሆነ፣ ከኤስአርጂቢ በሰፋው በአዶቤ አርጂቢ የቀለም ክልል ኤክስፖርት ተደርጎ (ከፕሮግራሙ ወጥቶ) ይሆናል፤ ወደ ኤስአርጂቢ ቀይሮ መላክ ይበቃል። በኤችዲኤምአይ የተያያዘ ሞኒተር ጥቁሩን ግራጫ አድርጎ ካሳየ ደግሞ፣ በግራፊክስ ካርዱ ቅንብር ውስጥ የቀለሙን ስፋት ከ«ሊሚትድ» ወደ «ፉል» ይለውጡ።

ምልክት፦ ጥቂት ሌየር ሲጨመር ማሽኑ ይንቀራፈፋል፣ ስታክ ያደርጋል

ሰው ሁሉ ፕሮሰሰሩን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የራም ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 24 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ፎቶ በ16 ቢት ሲከፈት አንድ ሙሉ ሌየር (በፎቶው ላይ የሚደረብ ንጣፍ) 144 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ አሥር ሌየር፣ የኋልዮሽ መመለሻው ታሪክና ከጎን የተከፈተው ብራውዘር ሲደመሩ ባለ 8 ጊጋባይቱ ራም ይሞላል። ራሙ ሲሞላ ፎቶሾፕ ትርፉን ስክራች ዲስክ ወደሚለው የዲስክ ቦታ ያፈሳል፤ ዲስኩ ቀርፋፋ ወይም ሲ ድራይቩ በሠርግ ፎቶ እስከ አፉ የተሞላ ከሆነ ሥራው ይቆማል፣ «ስክራች ዲስክ ሞልቷል» የሚለው መልእክትም ይመጣል።

መፍትሄው ራሙን 16 ጊጋባይት ማድረስና ቢያንስ 50 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ባለው ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ላይ ስክራች ዲስኩን ማዘዝ ነው። ራሙ በሁለት እኩል ቁራጭ ቢገጠም ይመረጣል፤ በተለይ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የሌለው ማሽን ከዋናው ራም ስለሚበደር ልዩነቱ ይታወቃል። ከመግዛትዎ በፊት ግን ራሙ የሚቀየር መሆኑን ይጠይቁ። ቀጫጭን ላፕቶፖች ብዙ ጊዜ ራማቸው በቦርዱ ላይ ተበይዶ ስለሚመጣ 8 ጊጋባይት ሆኖ የተገዛ 8 ሆኖ ያረጃል፤ ይህን ለደንበኛ መንገር ከሥራዬ ሁሉ የምጠላው ነው።

ምልክት፦ ስቲከሩ «አይ7» ይላል፣ ኤክስፖርት ግን አያልቅም

ኮር አይ7-7600ዩ ሁለት ኮር (ሥራውን የሚካፈል የፕሮሰሰር ክፍል) ብቻ ያለው ሲሆን፣ ከእርሱ በኋላ የወጣው ኮር አይ5-8250ዩ አራት ኮር አለው። «አይ7» የሚለው ስም ብቻውን የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ጀነሬሽኑንና የመጨረሻውን ፊደል ይመልከቱ። «ዩ» ኃይል ቆጣቢ፣ «ኤች» ደግሞ ለከባድ ሥራ የተሠራ መሆኑን ያመለክታል። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች አይውረድ፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበላቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ ከዚያ ይጀምራሉ፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

ፕሮሰሰሩ ጥሩ ሆኖ ኤክስፖርቱ በፍጥነት ጀምሮ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚዘገይ ከሆነ ሙቀት ነው። ፍራሽ ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ላፕቶፕ አየር የሚስብበትን ቀዳዳ ብርድ ልብስ ይደፍንበታል፤ የከተማችን አቧራ ደግሞ የቀረውን ይጨርሳል። በዓመት አንድ ጊዜ ማራገቢያው ይጠረግ፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያሻግረው ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱም ይቀየር።

ለብቻው የሆነ ግራፊክስ ካርድ ለተራ የፎቶ እርማት ግዴታ አይደለም። በላይትሩም ውስጥ በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሠራውን የግሬን ማጥፊያ በመቶ ፎቶ ላይ የሚጠቀም ሰው ግን ያለ እርሱ ሲጠብቅ ያመሻል።

ምልክት፦ ማሽኑ ለመነሣት፣ ፎቶ ማውጫውም ለመከፈት ዘለግ ያለ ጊዜ ይወስዳል

መንስኤው «ባለ 1 ቴራ» ተብሎ የተሸጠው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው። እንዲህ ያለው ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ሲያነብ ሳታ ኤስኤስዲ 500፣ ኤንቪኤምኢ የተባለው ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት ደግሞ ከ2000 በላይ ያነባል። ትንሽ ኤስኤስዲ ለሲስተሙና እየተሠራ ላለው ሥራ፣ ሃርድ ዲስኩ ለማከማቻ ይሁን።

በጣም ርካሽ ዋጋ ያለው «2 ቴራ» ፍላሽ ወይም ውጫዊ ኤስኤስዲ ሐሰተኛ ነው። ማሽኑ ላይ 2 ቴራ ብሎ ቢታይም በውስጡ ብዙ ጊዜ 64 ጊጋባይት ወይም ከዚያ ያነሰ ነው ያለው፤ ከሞላ በኋላ የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል፣ የፋይሉ ስም ግን እንዳለ ይቆያል። አንዲት ፎቶ አንሺ የእኅቷን መልስ ሙሉ ፎቶ እንዲህ ባለ ፍላሽ ላይ አስቀምጣ፣ ስሞቹን ብቻ ይዛ መጣች። ምንም ማድረግ አልቻልኩም። አዲስ ዲስክ ሲገዙ ኤች2ቴስትደብሊው በተባለው የዲስክ መፈተሻ ፕሮግራም ሙሉውን ያስሞሉት፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢፈጅም ያድር። ፎቶ የሚቀመጥበት ዲስክም ሁለት ይሁን።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ኮምፒውተሩ በከባድ ሥራ መሃል በድንገት ከጠፋ፣ ባዶ ቆርቆሮ ያህል የሚቀልለውንና «500 ዋት» የተጻፈበትን ፓወር ሰፕላይ ይጠርጥሩ። ዴስክቶፕ ያለው ሰው መብራት ሲቆራረጥ የሚሸፍንለት ዩፒኤስ በኮምፒውተሩ ዋጋ ውስጥ አስቀድሞ ይቁጠር። ላፕቶፑ ከቻርጀር ጋር ሆኖ ከወትሮው በእጅጉ ከዘገየ ደግሞ የተሰካለት ቻርጀር የራሱ ላይሆን ይችላል፤ አንዳንድ ላፕቶፖች ያላወቁት ቻርጀር ሲሰካባቸው ፕሮሰሰሩን ሆን ብለው ያዘገያሉ፣ ትክክለኛው ሲሰካም ያለ ምንም ጥገና ወደ ቀድሞ ፍጥነታቸው ይመለሳሉ።