ለጥምቀት በድንኳን ለምታድሩ፦ ተንቀሳቃሽ የሶላር ኃይል
ጥምቀትን ጎንደር ላይ በድንኳን ለምታከብሩ፣ ለስልክና ለመብራት ባለ 100 ዋት የሶላር ፓነል፣ ባለ 12 ቮልት 20 አምፔር ሰዓት የሊቲየም ባትሪና ለሊቲየም የሚስማማ ቻርጅ ኮንትሮለር (ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠር መሣሪያ) በቂ ነው። ስትገጥሙ ኮንትሮለሩን መጀመሪያ ከባትሪው፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ከፓነሉ ጋር አገናኙት፤ የባትሪውን ቮልቴጅ ለይቶ በትክክል የሚሠራው በዚህ ቅደም ተከተል ነውና፤ ስትፈቱ ግን ፓነሉ ይቅደም። ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ ፊውዝ ማስገባትን አደራ አትዝለሉት፤ የተላጠ ሽቦ ቢነካካ ሰው በተኛበት ድንኳን ውስጥ እሳት ሊነሳ ይችላል። በጥር የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ ፓነሉን ወደ ደቡብ አዙራችሁ ከመሬት 30 ዲግሪ ያህል ቀና አድርጉት። በጥምቀተ ባሕሩ ዙሪያ ካሉት ትላልቅ ዛፎችም አርቁት፤ የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ እንኳ ኃይሉን በእጅጉ ይቀንሰዋል።