በሐረርና በድሬዳዋ የችግረኛ ዘማቾችን የጡረታ መዝገብ ስለማፈላለግ

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በምሥራቅ ግንባር ከሶማሊያ ጦር ጋር የተዋጋ ችግረኛ ዘማች የጡረታ መዝገቡን ለማግኘት ሲነሣ፣ ወደ ጡረታ ቢሮ ከመሄዱ በፊት ቤት ያለውን ወረቀት ሁሉ ይሰብስብ፤ ከሣጥን ሥር የተገኘ የተጨማደደ የደመወዝ ደረሰኝ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ከብዙ የቃል ምስክርነት ይበልጣል። የወታደር መለያ ቁጥሩ ከጠፋ፣ ማዕረጉን፣ ክፍለ ጦሩን፣ የተቀጠረበትንና የተሰናበተበትን ዓመተ ምሕረት ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል። ስም ብቻውን አያስተማምንም፤ በአንዱ መዝገብ «ኃይሉ» የተባለው በሌላው «ሀይሉ» ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል፣ እስከ አያት ድረስ በየአጻጻፉ ማስፈለግ ይገባል። አገልግሎቱ 10 ዓመት ያልሞላ ሰው በአብዛኛው የአንድ ጊዜ ዳረጎት እንጂ የዘወትር አበል ስለማይኖረው፣ የዳረጎት ክፍያ መኖሩም ይጠየቅ። ማመልከቻው ሲገባ ቅጂ አስቀርቶ ማመልከቻው በቢሮው የተመዘገበበትን የገቢ ቁጥር መቀበል አይዘንጋ። ዘማቹ ካረፈ ባለቤቱ የጋብቻና የተተኪነት (የጡረታ መብቱ ወደ እርሷ መተላለፉን የሚያሳይ) ማስረጃ ታያይዛለች።