የአያታችሁን የሕይወት ታሪክ ስትጽፉ

በቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ከአባታቸውና ከእናታቸው ተወለዱ፣ በሕግ ተጋቡ፣ ልጆች አፈሩ፣ ደግና እንግዳ ተቀባይ ነበሩ፣ ባደረባቸው ሕመም አረፉ። ስሙን ብትቀይሩት ለማንም ይሆናል። ዕድሜዋን ሙሉ ለቤተሰቧ ለኖረች ሴት ይህ አይበቃም። የአያቴን የእምዬን ታሪክ ለአርባዋ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንዴት እንደጻፍኩት ልንገራችሁ። አያታችሁ በሕይወት ካሉ ደግሞ ዛሬውኑ ጀምሩ።

መጀመሪያ ዕድሜ። የእኛ አሮጊቶች የልደት ወረቀት የላቸውም፤ ዘመኑን በዘመኑ ነገር ፈልጉት። ጣልያን ጎንደር የገባው በ1928 ነው፤ እዚሁ ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 1934። እምዬ «ጣልያን ሲወጣ ታናሼን አዝል ነበር» ትል ነበር። ልጅ የምታዝል ልጅ ሰባት ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ስለዚህ 1926 ገደማ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ጃንሆይ የወረዱበት 1967 አለ፣ የ77ቱ ድርቅ አለ፣ 1983 አለ። «በስንት ዓመተ ምሕረት አገቡ?» ካላችሁ ዝም ይላሉ። «ጃንሆይ ሲወርዱ ጡት ላይ የነበረው የትኛው ልጅ ነው?» በሉ፤ ወሬው ይፈታል።

የክርስትና ስማቸውን ቀድማችሁ ያዙ። ፍትሐቱ በዚያ ስም ነው። ልጆቹ ካላወቁት የንስሐ አባታቸውን ጠይቁ።

ልጆችን ስትቆጥሩ ረጋ በሉ። እናቶቻችን «ስንት ልጅ አለዎት?» ሲባሉ የቆሙትን ብቻ ይቆጥራሉ። በሕፃንነት የሞቱት ከነስማቸው ይቀራሉ። «ስንት ወልደው ስንት አደጉልዎ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሁለቱንም ጻፉ። ሳይወልዱ ያሳደጓቸውንም አትርሱ። ጎንደር ከተማ ውስጥ ከገጠር ለትምህርት የመጣ ልጅ ያላስጠጋች እናት ጥቂት ናት።

ሌላው የእናት ወገን ነው። ጎንደሬ አባቱን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ የእናቱን እናት ስም ስትጠይቁት ግን ብዙ ጊዜ ይቆማል። እኔ የእምዬን የእናት ወገን የሰማሁት ከማርያም ማኅበርተኞቿ ነው። እነዚያ ሴቶች ቤተሰብ የማያውቀውን ያውቃሉ። ለጥምቀት ከደምቢያና ከዳባት የሚመጡ ዘመዶችንም ያዟቸው። ጥር 11 ታቦት ሸኝተው ሲመለሱ፣ ቡና ተፈልቶ ሁሉም ሲሰበሰብ፣ አንዱ ሲያነሳ ሌላው ያርማል። በስልካችሁ ቅረጹ፤ ከረከቦቱ ብቻ አርቁት፣ የሲኒው መንኳኳት ድምፁን ይውጠዋል።

አሁን መጻፍ። «ደግ ነበሩ» የሚለውን ሰርዙና ምን እንዳደረጉ ጻፉ። እምዬ ጓሮ ያለውን ክፍል ለተማሪዎች ታከራይ ነበር። ስንቃቸው ሲያልቅ ከእኛው መሶብ ይበሉ ነበር፤ በዚያ ወር ኪራይ አትጠይቅም። ይህን ስናነብ ያለቀሱት እኛ ብቻ አይደለንም፤ እነዚያ ልጆች ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ሆነው ለአርባዋ መጥተው ነበር። ቁጣቸውንም ጻፉ። እምዬ እንጀራ ቀርቦ ቆሞ የሚያወራ ሰው አትወድም፣ «ቁጭ ብለህ ብላ!» ትል ነበር። ይህችን ያነበበ ሁሉ ድምፅዋን ይሰማል። በቤቱ የተጣሉ ወንድማማቾች ካሉ ግን ጸባቸውን ለሕዝብ አታንብቡ፤ ያ የቤት ነው።

የድሮ ፎቶ ካለ ከመስታወቱ አውጥታችሁ በመስኮት ብርሃን አንሱት፤ ፍላሽ ያበላሸዋል። ከኋላው የተጻፈ ካለ እሱንም አንሱ።

ለሥርዓቱ የሚነበበው ከሁለት ገጽ አይብለጥ። ከመነበቡ በፊት ታላቂቱ ልጃቸው ትስማው፤ ስም የተዘለለ ካለ የምታውቀው እሷ ናት። የቀረውን በደብተር አኑሩት። ድምፁን ለእያንዳንዱ ልጅና የልጅ ልጅ በቴሌግራም ላኩ፤ በአንድ ሰው ስልክ ላይ ብቻ አይቅር፣ ስልክ ይሰረቃል፣ ይበላሻል።