ቤታችሁ በእሳት ቢጎዳ፦ ከጎጃም አሜሪካ ለገባችሁ

ሞጣ ወይም ቢቸና ገጠር የሰው ቤት በእሳት ሲያያዝ ጩኸት የሰማ ሁሉ ይሮጣል። አንዱ እንጨት ይቆርጣል፣ አንዱ ሣር ያመጣል፣ እህል የሚያዋጣም አለ። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ደጅ መጥናት የለበትም። አሜሪካም እርዳታ አለ። ግን የሚደርሰው ስሙ ለተጻፈ ሰው ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ይሉኝታ ይይዘውና ዘመድ ቤት ገብቶ ዝም ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

በኪራይ ድጎማ በሚኖርበት አፓርታማ አንድ ቤት ቢቃጠል ብዙ ጊዜ ፎቁ በሙሉ ይወጣል። እሳቱ ያልነካውን ቤት ጭሱና የማጥፊያው ውኃ ያበላሸዋል፣ መብራትም ይቋረጣል። ስለዚህ «የእኔ እኮ አልተቃጠለም» ብላችሁ አትሂዱ። የአሜሪካ ቀይ መስቀል ሰዎች ጠረጴዛ ዘርግተው ስም ሲመዘግቡ ታያላችሁ። የቤት ቁጥራችሁን፣ የቤተሰቡን ብዛትና የማይቀየር ስልክ አስጽፉ። አክስታችሁ ጋ የምታድሩ ቢሆንም አስጽፉ። የመኖሪያ ፈቃድ አይነት ለእርዳታው መስፈርት አይደለም። ካላገኛችኋቸው በ1-800-733-2767 ደውሉ። በብዙ ከተሞች ደግሞ 211 ብትደውሉ የመጠለያና የኪራይ እርዳታ የሚሰጡትን ይጠቁማችኋል። «አማርኛ» ብላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። የዋሽንግተን ዲሲ መሥሪያ ቤቶች በ2004 በወጣ ሕግ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው።

ከዚያ ትልቁ ጥያቄ ይመጣል፦ ድጎማው ከእኔ ጋር ነው ወይስ ከሕንፃው ጋር? ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ዓመታት ይኖራል። ሴክሽን 8 ቫውቸር (መንግሥት ኪራይ የሚደጉምበት ወረቀት) በእጃችሁ ካለ ድጎማው ከእናንተ ጋር ይሄዳል። ቫውቸሩን የሰጣችሁን ሀውሲንግ ቢሮ ቶሎ አሳውቁና ለሌላ ቤት የሚሆን ቫውቸር ጠይቁ። የቤት መፈለጊያው ጊዜ ቢያንስ 60 ቀን ነው። ቤት ካጣችሁ ሳያልቅ በጽሑፍ ማራዘሚያ ጠይቁ። በሜሪላንድና በዲሲ አከራይ «ቫውቸር አልቀበልም» ብሎ መመለስ በአብዛኛው በሕግ የተከለከለ ነው። ይህን የሚላችሁ ካለ ቀኑንና ስሙን መዝግቡ።

ድጎማው የሕንፃው ከሆነ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥላችሁ ስትወጡ ድጎማው እዚያው ሊቀር ይችላል። ማኔጅመንቱ ሊዙን (የኪራይ ውሉን) የሚያፈርስ ወረቀት አቅርቦ «ፈርሙና ዲፖዚታችሁን (ስትገቡ ያስያዛችሁትን ገንዘብ) ዛሬውኑ ውሰዱ» ቢላችሁ እዚያው አትፈርሙ። እባካችሁ። ልጆች ይዞ ሆቴል የከረመ ሰው ያንን ገንዘብ ምን ያህል እንደሚፈልገው አውቃለሁ። ቢሆንም ወረቀቱን ነፃ የሕግ እርዳታ ለሚሰጥ ቢሮ አሳዩ። ሦስት ነገር በኢሜይል ጠይቁ፦ ድጎማ ያለው ሌላ ባዶ ቤት አላችሁ ወይ፣ ሲታደስ በድሮው ኪራይ እመለሳለሁ ወይ፣ ያልኖርኩበት ቀን ኪራይ ይመለሳል ወይ። የቃል ተስፋ ሰውየው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

የአከራዩ ኢንሹራንስ ሕንፃውን እንጂ ዕቃችሁን አይከፍልም። ተከራዩ ራሱ የሚገባው ሬንተርስ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ በወር 20 ዶላር አካባቢ ነው፤ ዕቃ ይተካል፣ አብዛኛውን ጊዜም የሆቴል ወጪ ይሸፍናል። ካላችሁ የዕቃ ዝርዝር ይጠይቋችኋል። ደረሰኝ የለንም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ለፋሲካ ለእናታችሁ በቴሌግራም የላካችሁትን ፎቶ ክፈቱ። ከልጆቹ ኋላ ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የቡናው ረከቦት ይታያል። ጭስ ብቻ የገባበት ጋቢም ይጻፍ።

ልጆች ካሏችሁ ዘመድ ቤት መጠጋታችሁን ለትምህርት ቤቱ ንገሩ። ቤት አጥተው ሰው ጋ የተጠጉ ልጆች በድሮው ትምህርት ቤታቸው የመቀጠልና ትራንስፖርት የማግኘት መብት በፌዴራል ሕግ አላቸው። ይህን የማያውቅ ወላጅ ልጁን ከመምህሩና ከጓደኞቹ ነጥሎ ሌላ ትምህርት ቤት ያስገባል።

ማኅበሩና ቤተ ክርስቲያኑ ማዋጣቱ አይቀርም፤ ደስ ይላል። ነገር ግን ኤስኤስአይ (መንግሥት ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በየወሩ የሚሰጠው ገንዘብ) በሚቀበሉ እናት ወይም አባት ስም ገንዘብ አታሰባስቡ። ለአንድ ሰው የተፈቀደው ቁጠባ 2,000 ዶላር ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ወርሃዊው ክፍያ ሊቋረጥ ይችላል። አስቀድማችሁ ነፃ የሕግ ቢሮውን አማክሩ።

ሰነድ ከተቃጠለ ግሪን ካርድ በአይ-90 ፎርም ይተካል፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ምትክ በነፃ ነው። አገር ቤት የወጣ የልደትና የጋብቻ ማስረጃ ሲሆን ግን ደብረ ማርቆስ ወይም ቡሬ ያለ ወንድም ቢሮ ለቢሮ መሄድ ይኖርበታል፤ ውክልናም ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ፓስፖርቱን፣ ሊዙንና የልጆቹን የልደት ወረቀት ፎቶ አንሡና ለሚታመን አንድ የቤተሰብ ሰው ላኩ። የቫውቸሩንም አትርሱ።