ራጅ፣ ጨረርና ጡታችን፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ ራጅ አንሺ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ 17 ዓመት ሆነኝ። ስለ ጨረርና ስለ ጡት ካንሰር የሚጠይቁኝ ሴቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዷ አንድ ራጅ ስለተነሳች ብቻ እንቅልፍ ታጣለች። ሌላዋ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ጨረር አጠገብ እየዋለች ምንም አይመስላትም። እኔን የምታሳስበኝ ሁለተኛዋ ናት፣ ከእሷ ልጀምር።

"ትንሽ ጨረር ምን ታደርጋለች?" ይሄ ትልቁ ስህተት ነው። ታይዋን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኮባልት-60 የሚባል ጨረር አመንጪ ነገር የተቀላቀለበት ፌሮ ሳይታወቅ ለቤት መሥሪያ ዋለ። ሰው ገባበት፣ ወለደበት፣ ልጅ አሳደገበት። ግድግዳው ውስጥ ያለው ብረት ቀንና ሌሊት ጨረር ይለቃል፣ ግን ጨረር አይሸት፣ አይታይ፣ አያቃጥል። ነገሩ ገሃድ የወጣው በ1992 ነው። ነዋሪዎቹን ለ30 ዓመት ገደማ የተከታተለው ጥናት ያገኘው፣ የደረሰባቸው ጨረር በበዛ ቁጥር የጡት ካንሰሩም እየበዛ መሄዱን ነው። ሩሲያ ውስጥም ማያክ የሚባለው የኒውክሌር ፋብሪካ ከ1949 እስከ 1956 ዝቃጩን ቴቻ ወንዝ ላይ ሲደፋ ኖሯል፣ ወንዙ ዳር ባሉት መንደሮች የኖሩ ሴቶች ላይም የታየው ይኸው ነው። አንድ ጊዜ ብዙ ጨረር አልመታቸውም። በትንሽ በትንሹ፣ ለዓመታት ነው የተጠራቀመባቸው።

ይህን ስል ግን አንድ የደረት ራጅ ተነስታችሁ እንዳትደነግጡ። አንዱ የደረት ራጅ ቢበዛ 0.1 ሚሊሲቨርት (የጨረር መለኪያ ነው) አካባቢ ነው፣ ከተፈጥሮ ብቻ በዓመት የምናገኘው ደግሞ በዓለም አማካይ 2.4 ነው። ሐኪም አስፈላጊ ነው ካለ ተነሱ። ችግሩ ያለ ምክንያት መደጋገሙ ላይ ነው። ሰው ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው ሲሄድ ፊልሙን ቤት ትቶ ይመጣል፣ እንደገና ይነሳል። ፊልማችሁን አትጣሉ፣ ይዛችሁ ሂዱ፣ "ባለፈው ወር ተነስቻለሁ፣ ይኸው" በሉ። በተለይ ሲቲ ስካን ከሆነ፣ የደረት ሲቲ ብቻውን የብዙ አሥር ራጆችን ያህል ነውና።

ዕድሜን መርሳት ደግሞ አለ፣ ይሄኛው ሆዴን ይበላዋል። በ1945 ሂሮሺማና ናጋሳኪ ላይ ቦምብ ሲጣል ከ20 ዓመት በታች የነበሩት ልጃገረዶች ናቸው በኋላ ጡታቸው ላይ ይበልጥ የተጎዱት፣ ያኔ 40 ያለፋቸው ላይ የታየው ጭማሪ ትንሽ ነው። በማደግ ላይ ያለ ጡት ለጨረር ስስ ነው፣ በሽታው ግን ከአሥር፣ ከሃያ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ብቅ ሊል ይችላል። ባለፈው ከገጠር የመጣች እናት እጁ የተሰበረ ሕፃን አምጥታ ነበር። ልጁ እያለቀሰ አልረጋ አለ። "እህቱ ትያዘው፣ እሷን ይሰማታል" አለችኝ። እህቱ 13 ወይም 14 ቢሆናት ነው፣ ጫማዋን አውልቃ ልትገባ በሩ ላይ ቆማለች። "የለም እናቴ፣ አባትየው የት አሉ?" አልኳት። ውጭ ነበሩ። ጠራኋቸው፣ ጨረር የሚከላከለውን ሽርጥ፣ ኤፕረኑን፣ አለበስኳቸው፣ እሳቸው ያዙት። እህቱን ከበሩ ውጭ አቆየኋት። ሌላ ሰው ካለ ታዳጊ ሴት ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር አስታማሚ ሆና ራጅ ክፍል መግባት የለባትም፣ በቃ። ጀርባዋ የጎበጠ ልጅ ያላችሁም ክትትሉ ለዓመታት ስለሚደጋገም፣ ራጁ ከኋላ ወደ ፊት እንዲነሳ ጠይቁ። ጀርባዋ ጨረሩን ቀድሞ ስለሚያስቀረው ጡቷ ላይ የሚደርሰው በጣም ይቀንሳል።

አሁን ወደ እኛው ወደ ሠራተኞቹ። አሜሪካ ውስጥ የራጅ ባለሙያዎችን ለዓመታት ሲከታተሉ፣ መከላከያው ደካማ በነበረበት ጊዜ፣ ከ1940 በፊት ሥራ የጀመሩት ሴቶች በጡት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ዛሬ ኤፕረን አለን። ግን ኤፕረን አለ ማለት ጡት ተሸፍኗል ማለት አይደለም። ኦፕራሲዮን ክፍል ሲ አርም የሚባለው የራጅ ማሽን ሲበራ ጎናቸውን ሰጥተው የሚቆሙ ነርሶች አያለሁ። ከበሽተኛው ሰውነት እየነጠረ የሚመጣው ጨረር በብብት በኩል፣ በኤፕረኑ ክንድ ማስገቢያ ክፍተት ይገባል፣ የጡት ካንሰር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እዚያው ብብት አጠገብ ባለው የላይኛው ክፍል ነው። ፊታችሁን አዙሩ፣ ኤፕረኑ ልካችሁ ይሁን፣ አንድ እርምጃም ቢሆን ራቁ። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ጨረሩ ወደ ሩብ ይወርዳል።

ኤፕረኑን አጣጥፎ ወንበር ላይ መወርወርም እንደ ቀላል ይታያል። መጀመሪያ በሠራሁበት ቦታ የነበረው አንድ ኤፕረን ሁሌም ታጥፎ ነው የሚቀመጠው። ሁለት ዓመት ለበስኩት። አንድ ቀን ራሱን ኤፕረኑን ራጅ ስናነሳው በግራ ደረቱ በኩል ጣት የሚያህል ስንጥቅ ጥቁር መስመር ሆኖ ታየ። ከላይ ጨርቁ ደህና ነበር። ስለዚህ በመስቀያ ይሰቀል፣ ቢያንስ በዓመት አንዴ ይታይ። የደረሰብንን ጨረር የሚመዘግበው ባጅም ደረት ላይ ይዋል። ሚስማር ላይ ከጋውን ጋር ከዋለ የእናንተን አይመዘግብም።

ስልክ፣ አልትራሳውንድ፣ ኤምአርአይ እዚህ ውስጥ አይገቡም፣ የሚጠቀሙት ሌላ ዓይነት ሞገድ ነው። ራጅ ክፍልም ማሽኑ ሲጠፋ አየሩ ላይ የሚቀር ነገር የለም።

በጨረር ፍርሃት ማሞግራፊ፣ ማለትም የጡት ራጅ፣ መተው ግን ይጎዳል። መጠኑ 0.4 ሚሊሲቨርት ገደማ፣ ማለትም ከተፈጥሮ በሁለት ወር የምናገኘውን ያህል ነው። እብጠት ካገኛችሁ፣ ባያምም ሂዱ። ወጣት ከሆናችሁ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ በአልትራሳውንድ ይጀምራል።

የመጨረሻው ለሐኪም አለመናገር ነው። በልጅነት ደረት ላይ የጨረር ሕክምና፣ ለዓመታት የተደጋገመ ራጅ፣ ራጅ ክፍል የተሠራበት ዘመን፣ ሐኪሙ ካልጠየቀ እናንተ ንገሩ። ምርመራው መቼ እንደሚጀመር ሊለውጠው ይችላል። ያን ስንጥቅ ኤፕረን የለበስኩት በ24 እና በ25 ዓመቴ ነው፣ ዘንድሮ 41 ሞላኝ። ለሐኪሜ ነግሬያታለሁ፣ ካርዴ ላይ "ግራ ደረት፣ ሁለት ዓመት" ብላ ጽፋዋለች።