ለጎርጎራ ውሃ ያገለገለ ጀልባ ስትገዙ

ጎንደር ተቀምጣችሁ ጀልባ ልገዛ ነው ብትሉ መጀመሪያ የምታገኙት መልስ ሳቅ ነው። "ፋሲል መዋኛ ላይ ልትነዳው?" ይሏችኋል። ይሳቁ። በአዘዞና በቆላ ድባ በኩል ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ጣና አለ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቃችሁ መውጣት ነው።

አዲስ ጀልባ የማይቀመስ ስለሆነ ብዙው ሰው የሚያየው ያገለገለውን ነው። ከጓደኛ ጋር አዋጥታችሁም ሆነ ለሎጅ ብላችሁ ሰው በስኪ (በውሃ ላይ በመንሸራተቻ) የሚጎትት ጀልባ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ዓይነቱን ወስኑ። ለስኪ ተብሎ የሚሠራው ጀልባ ሞተሩ መሐል ላይ፣ ከውስጥ ነው። ፕሮፔለሩና መሪው ከሆዱ ሥር ወጥተው ተንጠልጥለዋል። የሚተወው ማዕበል ዝቅተኛ ስለሆነ ስኪ የሚወዱ ሰዎች ከዚህ ሌላ አያምራቸውም። እኔ ግን ለጎርጎራ አልመርጠውም። ጣና በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታው እንኳ 15 ሜትር ያህል ነው፣ የሰሜኑ ዳር ደግሞ መገጭና ሌሎቹ ወንዞች ደለል የሚደፉበት ነው። ከሥር የተንጠለጠለው ነገር አንድ ቀን ጭቃ ወይም ድንጋይ ማግኘቱ አይቀርም። ከኋላ የሚታሰረው አውትቦርድ ሞተር ሲሆን ግን ወደ ላይ ታነሱታላችሁ። እምቦጭ ሲጠመጠምበትም ሞተሩን አጥፍቶ፣ አንስቶ በእጅ መንቀል ይቻላል። በውስጠኛው ሞተር አንድ ሰው ልብሱን አውልቆ መጥለቅ አለበት።

አሁን ሻጮች የማይነግሯችሁን ነገር ልንገራችሁ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 90 ፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠላችሁ ሞተር እዚህ 75 አካባቢ ነው ማለት ነው። አዋቂ ሰው ከውሃ አንስቶ ስኪ ላይ ለማቆም ይበቃ ይሆናል፣ ሦስት አራት ሰው ከተሳፈረበት ግን ያቃስታል። ስለዚህ ስኪ ካሰባችሁ ከ90 አትውረዱ። ሁለተኛው ጣጣ ፕሮፔለሩ ነው። ላዩ ላይ ሁለት ቁጥር ተመትቷል፣ ለምሳሌ 13 በ19። ሁለተኛው ፒች የሚባለው ነው፣ ፕሮፔለሩ አንዴ ሲዞር ስንት ኢንች ወደ ፊት እንደሚገፋ ማለት ነው። ጀልባው የባሕር ዳርቻ አገር ሲነዳ ቆይቶ ከመጣ ፒቹ ለእኛ ከፍታ ይበዛል፣ ሞተሩም ሙሉ ዙር ላይ ሳይደርስ እየተጨነቀ ይሠራል። ስትሞክሩት ሰው ጭናችሁ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ስጡትና ዙሩን አንብቡ። ብዙዎቹ አውትቦርዶች በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር መድረስ አለባቸው፣ ትክክለኛው ቁጥር መመሪያው ላይ ተጽፏል። 4,500 ላይ ከቆመ ፒቹ ዝቅ ያለ ፕሮፔለር መግጠም ነው። አንድ ኢንች ሲቀንስ ዙሩ 200 ያህል ይጨምራል። ይህ ለዋጋ ክርክርም ይጠቅማችኋል። ካርቡራተር ያለው ከሆነ ደግሞ እዚህ ቤንዚን ይበዛበታልና ጄቱ፣ ቤንዚን የምታሳልፈው ቀዳዳ፣ መቀየር አለበት። ኢንጀክሽን ያለው ራሱን ያስተካክላል።

ቀጥሎ አካሉ። ብዙዎቹ የድሮ ጀልባዎች ከላይ ፋይበር ይሁኑ እንጂ ውስጣቸው እንጨት አለ፣ ያ እንጨት ውሃ ከጠጣ ጀልባው አለቀ ማለት ነው። ሳንቲም ወይም የመፍቻ እጀታ ይዛችሁ ወለሉንና ጎኑን እያንኳኳችሁ ዙሩ። ጤነኛው ጠንከር ያለ ድምፅ አለው። የበሰበሰው ድው ይላል። ሞተሩ የታሰረበትን የኋላ ግድግዳ ከሁሉም በላይ እዩ፦ የሞተሩን ታችኛውን ጫፍ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት፣ ግድግዳው አብሮ ከተለመጠ ወይም ቡሎኖቹ ዙሪያ ስንጥቅ ካለ ደላላው ቢምል ቢገዘት አመስግናችሁ ሂዱ። አዲስ ቀለም አያስደስታችሁ። አዲስ ምንጣፍ ደግሞ የባሰ ያጠራጥራል፣ ገልጣችሁ እዩት።

ሞተሩን ቀዝቃዛ ሆኖ አግኙት። ስትደርሱ ከሞቀ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል፣ ምናልባት ሲቀዘቅዝ አልነሳ እንደሚል እንዳታዩበት ነው። ውሃ ሳይኖር ግቢ ውስጥ አስነስቶ ሊያሳያችሁ ቢል አቁሙት። ውሃ የሚስበው የጎማ ፓምፕ በደቂቃ ውስጥ ይቃጠላል። በርሜል ውሃ ውስጥ ይነከር ወይም የውሃ ቱቦ ይገጠምለት። ሲነሳ ከጎኑ ውሃ ፊጭ ማለት አለበት። ካንዴላዎቹን አስፈትታችሁ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚጨመቀውን አየር ግፊት) አስለኩ፣ በሲሊንደሮቹ መካከል ከ10 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ችግር አለ። የታችኛውን ማርሽ ዘይት በጥቂቱ አንጠባጥቡት። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል።

ወረቀቱ አጭር ነው። የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ይኑረው፣ የሞተሩና የአካሉ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ይግጠም፣ ውሉ በምስክር ይፈረም።

ውስጠኛ ሞተር ያለውን ነው የምፈልገው ካላችሁም አንድ ነገር ያዙ። ሞተሩ የመኪና ዘር ስለሆነ ማንም መካኒክ ይፈታዋል፣ ግን ሞተሪኖና ዲናሞ ሲበላሽ የመኪና አታስገጥሙ። የጀልባው ብልጭታ እንዳያወጣ ተደርጎ የተሠራ ነው፣ የቤንዚን ትነት ሆዱ ውስጥ ስለሚጠራቀም። ከማስነሳታችሁ በፊትም ትነቱን የሚያስወጣውን ማራገቢያ አራት ደቂቃ ያህል አስኪዱት።

ከገዛችሁ በኋላ ያለው ሥራ ብዙ አይደለም፣ ግን አይዘለልም። የውሃ ፓምፑን ጎማ በየዓመቱ ቀይሩ። ደለልና እምቦጭ ቶሎ ይጨርሱታል። ፕሮፔለሩን እየፈታችሁ ዘንጉ ላይ የተጠቀለለ የዓሣ መረብ ክር ካለ አውጡ፣ ያ ክር ዘይት የሚያግደውን ጎማ ቆርጦ ውሃ ያስገባል። በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ውሃና ቆሻሻ አያጣውም፣ ውሃ የሚለይ ፊልትሮ አስገቡ። ጀልባው የሚጫንበትን ተጎታች አትርሱ፦ ከጎንደር እንደደረሳችሁ የጎማው ኩሽኔታ ግሏል፣ በዚያው ግለቱ ውሃ ውስጥ ከነከራችሁት ውሃ ይስባል። ቡና ጠጡና አውርዱት።

ሰው የምትጎትቱ ከሆነ ከነጂው ሌላ ወደ ኋላ የሚያይ ሰው ይኑር፣ ላይፍ ጃኬት ያለ ድርድር ይለበስ። ከዳር ሳይሆን ከጀልባው ላይ ጥልቁ ውሃ ውስጥ ግቡ፣ ሣር ያለበት ዳር ቢልሃርዚያም ጉማሬም አለ። የደንገል ታንኳ ስታዩ ቀስ በሉ። የእናንተ ማዕበል ለደንገሉ ብዙ ነው።

የውጭ አገር መመሪያ ስታነቡ ክረምት ሲገባ ሞተሩ ውስጥ በረዶ የማይሆን ፈሳሽ ጨምሩ ይላል። እነሱ የሚፈሩት በረዶ ነው። የእኛ ጠላት ዝናቡ ነው። ሰኔ ሲገባ ጀልባውን አውጥታችሁ አፍንጫውን ከፍ አድርጉ፣ የታችኛውን መድፈኛ አውጡ፣ ሸራው ውሃ እንዳያቁር አዘንብላችሁ ወጥሩ፣ አየር ግን ይግባው። አውትቦርዱ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ውስጡ ያለው ውሃ እንዲወርድ። ባትሪውን ቤት አስገብታችሁ በየወሩ ቻርጅ አድርጉ። ተጎታቹን ከመሬት ላይ በድንጋይ አንሱት፣ ምስጥ አያልፈውምና። መስከረም ላይ ደግሞ ውሃ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት መድፈኛውን መልሳችሁ ግጠሙ።