የጭነት መኪና ሞተር ለማደስ መሣሪያ ስትገዙ፦ ድሬዳዋ ላይ ብሩ የት ይውላል?

የኢሱዙ ኤንፒአር ወይም የሲኖትራክ ሞተር ሊታደስ ሲል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚገዛው ባለ መቶ ምናምን ፍሬ የቁልፍ ሳጥን ነው። የድሬዳዋው ታይዋን ገበያ ውስጥ ያብረቀርቃል፣ ዋጋውም ደህና ነው። ሞተር ግን በአፈታት ብዙም አይበላሽም፤ የሚበላሸው ሳይለካ ሲገጠምና ቡሎኑ በግምት ሲጠብቅ ነው። ብር ካጠረ መጀመሪያ መለኪያ፣ ቀጥሎ ቶርክ ሬንች (ቡሎን በተወሰነ ልክ የሚያጠብቅ ቁልፍ)፣ ከዚያ ጥቂት ጠንካራ ቡሶላ (የቡሎን ራስ ላይ የሚጠልቅ ቁልፍ) ግዙ። ማንሻ ተከራዩ። ብረት የሚቆርጠውን ሥራ ሁሉ ለቶርኖ ቤት ስጡ፤ የመሞረጃ ማሽን ለአንድ ሞተር አይገዛም።

ለኮሎው (ለክራንክሻፍቱ፣ ፒስተኖቹ ለሚያዞሩት ዘንግ) ሁለት ማይክሮሜትር ይበቃል፦ ከ50–75 እና ከ75–100 ሚሊሜትር፣ 0.01 የሚያነብ። ያገለገለ መግዛት ነውር የለውም፤ ዜሮ ማረጋገጫ ዘንጉ አብሮት ከሌለ ግን ተዉት። እያንዳንዱን አንገት (ኮሎው ማቀፊያ ውስጥ የሚዞርበትን ክብ ክፍል) በሁለቱም ጫፍ፣ በየጫፉም አንዴ በቁመት አንዴ በአግድም፣ በድምሩ አራት ጊዜ ለኩ። በንባቦቹ መካከል ያለው ልዩነት 0.05 ከደረሰ ኮሎው መሞረድ አለበት። ብሮንዚና (አንገቱን የሚያቅፈው ስስ ማቀፊያ) ብዙ ጊዜ የሚመጣው በ0.25፣ 0.50፣ 0.75 እና 1.00 ሚሊሜትር እርከን ነው። የሚቀጥለው እርከን ገበያ ላይ መኖሩን ሳታረጋግጡ፣ እንዲያውም ብሮንዚናውን በእጃችሁ ሳትይዙ፣ ኮሎውን አታስሞርዱ። በተቃራኒው የሠራ ሰው ሞተሩን በትኖ ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣለት ይጠብቃል።

የድሬዳዋ ሙቀት ልኬትን ያሳስታል። የመለኪያ መሣሪያ ልክ የሚስተካከለው በ20 ዲግሪ ነው። ብረት በየዲግሪው በአንድ ሜትር 0.012 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ስለዚህ ፀሐይ ላይ የዋለ 80 ሚሊሜትር አንገት ጥላ ውስጥ ከነበረው ማይክሮሜትር በ15 ዲግሪ ከበለጠ ንባቡ በ0.014 ይዛባል። በብሮንዚናና በኮሎ መካከል ያለው የዘይት ክፍተት ከ0.05 ሊጀምር ይችላልና ስህተቱ የክፍተቱን ሩብ በላ ማለት ነው። ኮሎውንና ማይክሮሜትሩን ማታ አንድ ክፍል ውስጥ አሳድሩ፣ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ለኩ፣ ማይክሮሜትሩንም በመዳፋችሁ ጨብጣችሁ አታሙቁት።

ኮሎው ከተገጠመ በኋላ ክፍተቱን የሚያረጋግጠው ርካሽ ነገር ፕላስቲጌጅ፣ ማለትም ሲጫኑት የሚጨፈለቅ ቀጭን የፕላስቲክ ክር ነው። አረንጓዴው ከ0.025–0.076፣ ቀዩ ከ0.051–0.152 ሚሊሜትር ይለካል፤ ለጭነት መኪና ቀዩ ይመረጣል። ዘይቱን ጠርጋችሁ ክሩን አንገቱ ላይ አስቀምጡ፣ ካፑን (አንገቱን ከላይ የሚይዘውን ክዳን) በሙሉ ቶርክ አጥብቁ፣ ፍቱና የተጨፈለቀውን ስፋት ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። መሃል ላይ ኮሎውን ያዞረ ሰው ክሩን ስለሚያሸው እንደገና መጀመር አለበት።

የሲሊንደር መለኪያው (ቦር ጌጅ) ከ50–160 ሚሊሜትር የሚለካው ሁለቱንም ሞተር ይሸፍናል፦ የኢሱዙው 4ኤችጂ1 115፣ የሲኖትራኩ ደብልዩዲ615 126 ሚሊሜትር ነው። እሱን መግዛት ካቃተ በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለኩ ስስ ቅጠሎች) መገመት ይቻላል። አንድ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገቡና በፒስተን አናት ገፍታችሁ አስተካክሉት። መጀመሪያ ፋሻ በማይደርስበት በታችኛው ጫፍ፣ ቀጥሎ ከላይ ጠርዙን እንዳለፈ ብዙ በተበላው ቦታ በፋሻው ሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ። ልዩነቱን ለ3.14 አካፍሉት። ታች 0.40፣ ላይ 0.72 ካነበበ ልዩነቱ 0.32 ነው፤ ሲሊንደሩ 0.10 ሚሊሜትር ገደማ ሰፍቷል። ዘዴው ሲሊንደሩ ሞላላ መሆኑን አያሳይም፤ ለቶርኖ ቤት የምትከፍሉት ይኑር አይኑር ለመወሰን ግን ይበቃል።

ጭነት ይዞ የደንገጎን ዳገት የወጣ መኪና ውሃው ከፈላ ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋው ክፍል) ሊጣመም ይችላል። ማረጋገጫው ጠርዙ የተስተካከለ የብረት ማስመሪያና ፊለር ጌጅ ነው፤ የተማሪ ማስመሪያ ራሱ ስለሚታጠፍ አይረዳም። በርዝመቱ፣ በወርዱና በሁለቱም ሰያፍ አስደግፉት፤ 0.10 የሚያልፍበት ቦታ ካለ ቴስታታውን ወደ ቶርኖ ቤት ውሰዱ። ደብልዩዲ615 ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቴስታታ ስላለው አጭር ማስመሪያ ይበቃዋል፤ ለኢሱዙው ባለ 60 ሳንቲሜትሩ ያስፈልጋል።

ቶርክ ሬንች ላይ አትቆጥቡ። ልኩ ሲደርስ «ቀጭ» የሚለው ዓይነት በልኩ ዝቅተኛ አምስተኛ ላይ አይታመንም፤ እስከ 300 የሚሄደው ለ30 ኒውተን ሜትር አይሆንም። አንድ ብቻ መግዛት ከቻላችሁ ከ40–200 ወይም ለዚያ የቀረበውን ውሰዱ፣ ለትልልቆቹ ቡሎኖች ትልቁን ተዋሱ። ያገለገለውን ከመግዛታችሁ በፊት ግን በውሃ ጀሪካን ፈትኑት። አራት ማዕዘን ጫፉን ሞርሳ (ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር መያዣ) ላይ እሰሩ፣ እጀታው አግድም ይሁን። ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን ሙሉት፤ ከነዕቃው 21 ኪሎ ገደማ ነው። በገመድ እጀታው መሃል ላይ አንጠልጥሉ። ከጫፉ መሃል እስከ ገመዱ 50 ሳንቲሜትር ከሆነ 21 × 9.81 × 0.5፣ ማለትም 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ የሬንቹ የራሱ ክብደት ጥቂት ይጨምርበታል። ሬንቹን 95 ላይ አድርጋችሁ ጀሪካኑን ቀስ ብላችሁ ስትለቁት «ቀጭ» ማለት አለበት፤ 115 ላይ ዝም ማለት አለበት። ርቀቱ ሌላ ከሆነ በ0.5 ፈንታ እሱን በሜትር አባዙ፤ በ95ና በ115 ፈንታም ከውጤቱ ትንሽ ዝቅና ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ውሰዱ። በሁለቱም ካለፈ ለሥራ ይሆናል። ከሥራ በኋላ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር መልሱት፣ ካልሆነ ስፕሪንጉ ይደክማል።

አንዳንድ የቴስታታና የቢዬላ (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ዘንግ) ቡሎን በቶርክ ከጠበቀ በኋላ በዲግሪ ይዞራል። የዲግሪ መለኪያ መግዛት አያስፈልግም፦ የቡሎኑ ራስ ላይ በነጭ ቀለም ነጥብ አድርጉ፤ 90 ዲግሪ ማለት የሰዓት 12 ላይ የነበረው ነጥብ 3 ላይ ሲደርስ ነው። ቁጥሩን ከሞተሩ ማኑዋል ውሰዱ፤ የጎረቤት መኪና ቁጥር አይሠራም።

ቡሶላ ባለ ስድስት ማዕዘን ይሁን፤ ባለ አሥራ ሁለቱ የዛገ ቡሎን ራስ ይልጣል። ኢሱዙ 10፣ 12፣ 14፣ 17፣ 19 ይፈልጋል፤ ለሲኖትራክ 13 ጨምሩ፤ ያው ባለ 8 ሚሊሜትር ቡሎን በጃፓኑ ሞተር ላይ ራሱ 12፣ በሌላው 13 ነውና። ለፑሊ ቡሎን ሦስት አራተኛ ኢንች እጀታ ያስፈልጋል። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መዶሻ የቤቱ ይሆናል። የቫልቭ ስፕሪንግ መጫኛና የፑሊ መንቀያ ብየዳ ቤት ማሠራት ይቻላል፤ የፋሻ መጭመቂያውን ግን ግዙ፣ በቆርቆሮ የተሠራው ፋሻ ይሰብራል።

ሲኖትራክ ሞተር ብቻውን ከ8 ኩንታል በላይ ስለሆነ ባለ 2 ቶን ፓራንኮ (የሰንሰለት ማንሻ) ተከራዩ፤ የሚሰቀልበትንም ብረት እንደ ፓራንኮው አስቡበት። ዛፍ ላይ አይሰቀልም።

የቀረችውን ጥቂት ብር ለወፍራም ፕላስቲክ ሸራና ለንጹሕ ጨርቅ አውሉ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ አሸዋው ዘይት የተቀባ ሲሊንደር ላይ ይለጠፋል፣ ሞተሩ እንደተነሳም አዲሱን ፋሻና ብሮንዚና ይፈጫል። ለሥራ ከምትከፍቱት በስተቀር ሲሊንደሩን፣ የዘይት ቀዳዳዎቹንና የታጠቡትን ዕቃዎች ሸፍናችሁ አቆዩ። ፒስተን ማስገባትና ካፕ ማጥበቅም ነፋሱ ሳይነሳ በጠዋት ይሁን።